የዓባይ መውጫና የባሕር ዳር ኑሮ

ከኢትዮጵያ ከተሞች ብዙዎቹ የተቆረቆሩት ከትልልቅ ወንዞች ርቀው በደጋና በወይና ደጋ ነው። ምክንያቱም የታወቀ ነው። ወንዙ የሚወርደው በጥልቅ ሸለቆ ስለ ሆነ፥ ሸለቆውም ሐሩርና ንዳድ የማይለየው በመሆኑ፥ የአገሩ ሰው የውሃውን ድምፅ ከሩቅ እየሰማ በላይኛው አገር መኖርን መረጠ። ዓባይም ከዚህ ልማድ አልወጣም። ከጣና ተነሥቶ እስከ ሱዳን ወሰን ድረስ ሲጓዝ በዳርቻው ላይ ያበቀለው ትልቅ ከተማ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ባሕር ዳር ነው።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ለማወቅ የሚሻ ሰው ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣበትን ስፍራ ማየት ይበቃዋል። በዚያ ስፍራ ዓባይ ገና ሸለቆውን አልቆፈረም። ከሜዳው ጋር እኩል ሆኖ፥ በደሴቶችና በደንገል መካከል ተከፋፍሎ፥ ሐይቅ ነው ወይስ ወንዝ ብሎ ለመለየት በሚያስቸግር አኳኋን ቀስ ብሎ ይፈሳል። ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ ዓባይ በተባለው ገደል ከ40 ሜትር በላይ ወደ ታች ሲወረወር ግን ጠባዩ ፈጽሞ ይለወጣል። ከገደሉ በታች ያለው ሰው ወንዙን ይሻገረዋል እንጂ አብሮት አይኖርም። እንግዲህ ዓባይ ለሰው ጎረቤት የሆነው ከመውጫው እስከ ፏፏቴው ባለችው አጭር መንገድ ነው፤ ባሕር ዳርም የዚህች ጉርብትና ልጅ ናት።

የከተማይቱ ኑሮ በውሃው ጠባይ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ አስቀድሞ እርሱን ማስረዳት ያስፈልጋል። የዓባይ ምንጭ በሰከላ ግሽ ዓባይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ወንዙ በኦሪት ዘፍጥረት የተጠቀሰው ግዮን ስለ ሆነ ምንጩ ጸበል ነው፤ አቡነ ዘርዓ ብሩክም መጻሕፍታቸውን ለዚሁ ውሃ አደራ ሰጥተው ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳይረጥቡ ተቀበሉ ይባላል። ከምንጩ የሚወርደው ውሃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና ይገባል። ሕዝቡ ዓባይ ከሐይቁ ውሃ ጋር ሳይቀላቀል መካከሉን ሰንጥቆ ያልፋል ይላል፤ ይህንንም በ17ኛው ምዕተ ዓመት የመጡ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በጽሑፋቸው መዝግበውታል። ነገሩን የመረመሩ ሰዎች የሚሉት ሌላ ነው። ርብ፥ ጉማራና መገጭም እንደ ግልገል ዓባይ ውሃቸውን ወደ ሐይቁ ያፈስሳሉ፤ ሐይቁ ሁሉንም ተቀብሎ፥ ደለሉን አስቀርቶ፥ አዘግይቶ ይለቀዋል።

ይህ መዘግየት ትልቅ ነገር ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ስፍራ እንኳ ወደ 15 ሜትር ግድም ነው፤ የዕቃ ምሳሌ ቢፈለግለት እንሥራ ሳይሆን ገበታ ነው። ክረምቱ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን ሐይቁ የሚሞላው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ እጅግ የሚጎድለውም በሰኔ፥ ዝናቡ ሊጀምር ሲል ነው። በጥንቱ ሁናቴ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙ የሚርቅ አልነበረም። ሆኖም ዳርቻው ዝርግ ስለ ሆነ የአንድ ክንድ ውሃ መውረድ ሰፊ መሬት ይገልጣል፤ የአንድ ክንድ መውጣትም ያንኑ መሬት ይሸፍናል። ከጣና የሚወጣው ውሃ ዓባይ ወደ ሱዳን ይዞት ከሚገባው ውሃ ከመቶ 7 ወይም 8 እጅ ቢሆን ነው፤ የቀረውን በሽሎ፥ ጀማ፥ ሙገር፥ ጉደር፥ ደዴሳ፥ ዳቡስና ሌሎችም ከታች ይጨምሩበታል። ለግብፅና ለሱዳን ጥቂት የሆነው ይህ ውሃ ለባሕር ዳር ሁሉ ነገር ነው።

ስፍራው በጥንት ዘመን የታወቀው ባሕር ዳር ጊዮርጊስ በሚለው ስም ነበር። ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው የተሰበሰበ መንደር እንጂ ከተማ አልነበረም። ጥቅሙ መሻገሪያ መሆኑ ነው። ወንዙ ጎጃምን ከበጌምድር የሚለይ ድንበር ስለ ነበረ፥ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚሄድ ነጋዴ፥ መነኩሴና ወታደር ወይ በ17ኛው ምዕተ ዓመት በፏፏቴው አጠገብ በተሠራው በአላታ ድልድይ ያልፋል፥ ወይም ወደ መውጫው መጥቶ በታንኳ ይሻገራል። ሰውና ጭነት በታንኳው ላይ ይሆናሉ፤ አጋሰሱ ግን በጎን እየዋኘ ይከተላል።

ታንኳው የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ከሥሩ ታጭዶ በፀሐይ ይጠወልጋል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ ተደርጎ በገመድ ይታሰራል። ትልልቁ ነዶ ከታች ሆኖ ሆዱን ያበጃል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ በላዩም ሰውና ዕቃ እንዳይረጥብ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረብበታል። ምስማር አይገባበትም። ውሃ ቢገባበትም አይሰጥምም፤ የሚንሳፈፈው ክፍት ሆዱ አየር በመያዙ ሳይሆን ደንገሉ ራሱ ቀላል በመሆኑ ነው። ጉድለቱ ግን ውሃ እየጠጣ መክበዱ ነው። ስለዚህ ባለ ታንኳው ከመንገዱ ሲመለስ ጀልባውን ከውሃ አውጥቶ፥ በዛፍ ወይም በግንብ አስደግፎ ያቆመዋል። እንደዚህም እየተጠነቀቁለት ዕድሜው ጥቂት ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ይበሰብሳልና ሌላ ይታሰራል። ከዚህ የተነሣ ታንኳ ሠሪ ሥራ አያጣም፤ ደንገልም ዓመት ሙሉ ያስፈልገዋል። ይህን ነገር አንባቢው ልብ ይበለው፤ በኋላ ለሚነገረው ጉዳይ ቁልፍ ነውና።

የታንኳው መልክ በጥንታውያን ግብፃውያን መቃብር ላይ ከተሣሉት የደንገል ጀልባዎች ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ጸሐፊዎች ከዚያ መጣ ብለዋል። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በቻድ ሐይቅና በደቡብ አሜሪካ ባለው በቲቲካካ ሐይቅ ላይም ከቄጠማ መሰል ተክል የሚታሰር ተመሳሳይ ጀልባ አለ። መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያስረዳም።

በዚህ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ወይጦ በጣና ዙሪያና በዓባይ መውጫ ላይ የሚኖር አነስተኛ ወገን ሲሆን፥ የጥንት ኑሮው ጉማሬ ማደን፥ ዓሣ ማጥመድ፥ ታንኳ ማሰር፥ ወፍጮና መጅ መጥረብ፥ ከቄጠማና ከደንገልም ልዩ ልዩ ዕቃ መስፋት ነበር። በ1763 ዓ.ም. ገደማ በአገሩ ያለፈው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወይጦዎች በኢትዮጵያ ከሚነገሩት ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። ንጉሡን ለምኖ ሁለት ሰዎች ቢያስመጣም በስቅላት እየዛቱባቸው እንኳ አንድ ቃል ሊያገኝ አልቻለም። ከእርሱ በኋላ ስለ እነርሱ የጻፈው ጀርመናዊው ሚትቮክ፥ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ፥ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች መሆናቸውን ጽፏል። በ1920 ዓ.ም. ገደማ የመጣው ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ደግሞ አንድ ወይጦ በጠፋው ቋንቋ ሲዘፍን ሰማ፤ ዘፋኙ ግን የጉማሬን አካል ክፍሎች ከሚጠሩት ጥቂት ቃላት በቀር የዘፈኑን ትርጉም አያውቅም ነበር። ማርሴል ኮኸን በ1931 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት የወይጦ አማርኛ ባዕድ እንዳይሰማው ተጣምመው በተሠሩ ቃላት የተሞላ መሆኑን ገልጿል።

አንድ ቋንቋ ሲጠፋ በመጨረሻ የቀሩት ቃላት የአደኑ ቃላት መሆናቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ምግቡም፥ ንግዱም፥ ክብሩም ጉማሬው ነበረ። የጉማሬ ቆዳ አለንጋ በአገሩ ሁሉ ይፈለግ ስለ ነበር አለንጋው ራሱ በአማርኛ ጉማሬ ተብሎ ተጠራ። ነገር ግን ወይጦን ከጎረቤቱ የለየው ይኸው ጉማሬ ነው። ወይጦዎች ራሳቸውን እስላም ብለው ይጠራሉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት የጉማሬ ሥጋ ስለሚበሉ አብሮ ማዕድ አልቀርብም፥ አልጋባም ሲላቸው ኖሯል። በጥንት ጊዜም ለዓባይ መሥዋዕት ያቀርቡ እንደ ነበር ተጽፏል። ጉማሬ ማደን ከተከለከለና ከብቱም ካለቀ በኋላ ምግቡ ቀረ፤ ንቀቱ ግን ቶሎ አልቀረም። ስለዚህ የኑሯቸው ምሰሶ ደንገልና ዓሣ ብቻ ሆነ።

የዓሣውን ነገር ባጭሩ ለመናገር፥ ፏፏቴው ለጣና ግድግዳ ሆኖለታል። በታችኛው ዓባይ የሚገኘው ትልቁ የናይል ፐርች ዓሣ በጣና የለም፤ ከታች የመጣ ዓሣ ገደሉን ሊወጣው አይችልምና። በአንጻሩ ነጭ ዓሣ ከሚባለው ወገን በዓለም ላይ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙ ወደ 15 የሚጠጉ ዓይነቶች በሐይቁ ውስጥ ተለይተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ።

መንደሩ ወደ ከተማነት የተለወጠው በቅርብ ዘመን ነው። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ከያዙት በኋላ የአስተዳደርና የሞተር ጀልባ ጣቢያ አደረጉት። ከነፃነት በኋላ መንግሥቱ ስፍራውን በትልቅ ተስፋ ተመለከተው፤ ዋና ከተማውን ወደዚያ ለማዛወር ሐሳብ እንደ ነበረም ይነገራል። ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ ተከፈተ፤ በዚያው ዘመን የጀርመን ባለሙያዎች የከተማይቱን ፕላን ነደፉ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ በጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ኃይሉ ከ11 ሜጋ ዋት ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ ከፏፏቴው በላይ ጥቂት ውሃ በቦይ ጠልፎ ይወስድና ከገደሉ በታች ይመልሰዋል እንጂ ወንዙን አያቆመውም ነበር። ፋብሪካው፥ ትምህርት ቤቱና የመንገዱ መብራት ሁሉ የዚህ ውሃ ፍሬ ናቸው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የሕዝቡ ብዛት 96 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ የክልል ዋና ከተማ በመሆኗ እድገቷ እጅግ ፈጥኗል።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ የሚመጥነው ማንም አልነበረም፤ በመውጫው ላይ ያለው ዓለት ብቻ ነበር። መውጫውን ለመዝጋትና ለመክፈት የታሰበው ግን አስቀድሞ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል፥ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በዓባይ፥ በጣና ወይም በሶባት ላይ ፈሳሹን የሚያቆም ሥራ እንዳይሠራ ቃል ገብተው ነበር። በ1920 ዓ.ም. የአልጋ ወራሽ ተፈሪ መንግሥት ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒው ዮርክ ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገረ፤ የኩባንያው መሐንዲሶችም መጥተው አጠኑ። የታሰበው ለሱዳንና ለግብፅ መስኖ ውሃ ለማጠራቀም ነበር። የኢጣልያ ወረራ መጣና ነገሩ ቀረ።

በመጨረሻ ግድቡ የተሠራው ለሌላ ጉዳይ ነው። በ1988 ዓ.ም. በመውጫው ላይ፥ ጨረጨራ በተባለው ስፍራ፥ ሁለት መዝጊያ ያለው ዝቅተኛ ግድብ ተሠራ፤ እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ አምስት መዝጊያዎች ተጨምረው ሰባት ሆኑ። በዚያው ዓመት ከቀድሞው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ፥ 73 ሜጋ ዋት ገደማ ኃይል ያለው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ተከፈተ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለው ተረት ከዚህ በኋላ በባሕር ዳር በኩል እውነትነቱ ጎደለ፤ ማደሪያ ተሠራለት፥ የበሩም ቁልፍ በሰው እጅ ሆነ።

ቁልፉን የያዘ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው በ1995 ዓ.ም. መጣ። ያለፈው ክረምት ዝናቡ አነስተኛ ነበር፤ መኪናዎቹ ግን ውሃ ይሹ ነበር፤ አገሩም ኤሌክትሪክ ይሻ ነበር። በሰኔ ሐይቁ በተመዘገበው ታሪኩ ከሁሉ ወደሚያንሰው ከፍታ ወረደ። ጀልባዎች ወደ ወደባቸው መቅረብ አቃታቸው። የዳርቻው ገበሬ የተገለጠውን መሬት አርሶ ዘራበት፤ ለእርሱ ዓመቱ መልካም ዓመት ነበር። የደንገሉ ሥር ግን ከውሃ ውጭ ቀረ፤ ደረቀ፥ ተነቀለ፥ በስፍራውም እርሻ ገባ። ዓሣው የሚራባበትና የሚሸሸግበት ደንገል ጠፋ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ምሳሌ ለሌላ ቢነገርም በዚያ ዓመት ለመውጫው ነዋሪ በቁሙ ተፈጸመበት።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ቀላል አይደለም። መብራትና ፋብሪካ ለከተማይቱ ሕዝብ እንጀራ ናቸውና ግድቡን እንደ ጥፋት ብቻ የሚያይ ሰው ግማሹን ነገር ረስቷል። ነገር ግን የውሃው ልክ ሲወሰን የሚቆጠረው ነገር ሁሉ ቆጣሪ ያለው ነው። ኤሌክትሪኩ በኪሎ ዋት ይለካል፤ የመርከቡ ጉዞ በብር ይሰላል። ታንኳ ሠሪው የሚያጭደው ደንገል ግን በማንም መዝገብ የለም፤ ባለቤት የለውም፥ ግብርም አልተጣለበትም። ስለዚህ በተቆረጠበት ጊዜ ማንም ኪሣራ አልጻፈም።

የፏፏቴው ዕድልም ከዚህ የተለየ አልሆነም። በሙላቱ ጊዜ እስከ 400 ሜትር ስፋት የነበረው የውሃ መጋረጃ በበጋ ወራት ቀጥኖ ከገደሉ ብዙው ራቁቱን መታየት ጀመረ። ስሙን ያገኘበት ጢስ የሚታየው በክረምቱ መጨረሻ ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣ ጎብኚ ግን አብዛኛውን ጊዜ በበጋ ይመጣል።

በ2002 ዓ.ም. ሌላ ለውጥ ሆነ። ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ተነሥቶ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ከምድር በታች በሚሄድ ቦይ ውሃው ወደ በለስ ሸለቆ ተወርውሮ 460 ሜጋ ዋት ኃይል የሚሰጠው የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። ሁለቱ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎችም ከዚያ ወዲህ ለመጠባበቂያ ያህል ሆኑ። ይህ ሥራ ለአገሪቱ ያስገኘው ኃይል ታላቅ ነው። ለባሕር ዳር ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ቀድሞ በከተማይቱ መካከል ያልፍ ከነበረው ውሃ ብዙው ክፍል አሁን ከተማይቱን ሳያይ በተራራ ሥር ሾልኮ፥ በበለስ ወንዝ ዞሮ፥ በሱዳን ወሰን አቅራቢያ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ፏፏቴው በመድረቁ ያዘነ ሰው ከሁለተኛው ማመንጫ መዘጋት እፎይታ ቢጠብቅ አይፈረድበትም ነበር፤ ውሃው ግን በሌላ በር ወጣ።

ወንዙ እንዲህ ሲያንስ ድልድዩ አደገ። ከስልሳ ዓመት በላይ ያገለገለው ጠባቡ ድልድይ የከተማይቱን መኪና መሸከም ስላቃተው በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲስ ድልድይ ተመረቀ። ለመራመጃና ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለው፤ ማታ ሰው አየር ሊቀበልበት ይወጣል። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ይህም የመውጫው ሜዳነት ያስገኘላት መሆኑ ይዘነጋል።

በሐይቁ ላይ ደግሞ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ አረም ታየ። በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ እየተስፋፋ የዓሣ መረብንና የጀልባን መንገድ ዘጋ፤ ገበሬዎችም እየተሰበሰቡ በእጃቸው ነቀሉት። አረሙ የሚወደው ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባውን ማዳበሪያና እድፍ ነው። ደንገል ይህን እድፍ የሚያጣራ ተክል ነበር፤ ከብዙ ስፍራ በመጥፋቱ የደረሰው ጉዳት ከታንኳ ሠሪው አልፎ ለሁሉም ደረሰ። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን ከተጠበቁ የሕይወት ስፍራዎች መዝገብ ካገባው ወዲህ ስለ ዳርቻው ጥበቃ ብዙ ተነግሯል። ዳርቻው ግን ለሆቴል፥ ለመዝናኛና ለቤት መሥሪያ ከሁሉ የሚፈለግ መሬት ነው። በመውጫው አካባቢ የሰፈሩት ወይጦዎች ከተማይቱ በሰፋች ቁጥር ወይ ወደ ኋላ መግፋት ወይ በጠባብ ስፍራ መጨናነቅ ዕጣቸው ሆኗል። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ወጣቶቹ በቀን ሥራ ይሰማራሉ፤ ሴቶቹ የሰፉትን ሰፌድና መሶብ ለጎብኚ ይሸጣሉ። ታንኳም በትንሹ ተሠርቶ ለመታሰቢያ ይሸጣል።

ትልቁ ታንኳ ግን ገና አልጠፋም። በገበያ ቀን ከዘጌ እንጨት የሚያመጣው ሰው አሁንም በታንኳ ይቀዝፋል፤ የሞተር ጀልባ ዋጋ ለእንጨት ንግድ አይሆንምና። ዓሣ አጥማጁም ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ከታንኳ የሚሻል አላገኘም። ሠሪው ደንገሉን ለማግኘት ከቀድሞው ርቆ ይሄዳል፤ ያጨደውንም በውሃ ላይ እያንሳፈፈ ወደ መውጫው ያመጣዋል። በዚያም፥ ከሰባቱ መዝጊያዎች ብዙም ሳይርቅ፥ ከመንገድ የተመለሱት ታንኳዎች አፍንጫቸውን ወደ ላይ አቅንተው በዛፍ ተደግፈው ይቆማሉ፤ ውሃቸው እየተንጠባጠበ እስከ ነገ ይደርቃሉ።